ደጋሹ ማን ነው? የቫይረስን መገጣጠም በአንድ ወረቀት ላይ የመሳል ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ላይ የማይክሮባዮሎጂ ፈተና ሲቃረብ አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። «ቲቸር፣ ቫይረሱን የሚገጣጥመው ስፓይኩ ነው አይደል?» ይሉኛል። «እንደ ቫይረሱ ነው» ስላቸው ፊታቸው ይጨማደዳል። አልፈርድባቸውም። ፈተና ደጃፍ ላይ ለቆመ ሰው «እንደ ሁኔታው» የሚል መልስ ምን ይረባዋል?

እውነቱ ግን ይኸው ነው። ኤንቨሎፕ (የቫይረሱ የስብ ሽፋን) ላይ ያለ ፕሮቲን ሁሉ ስፓይክ፣ ማለትም ከሽፋኑ ጎልቶ የሚወጣ እሾህ፣ አይደለም። ስፓይክ የሆነም ሁሉ ቅንጣቱን (እያንዳንዱን የቫይረስ አካል) አይገጣጥምም። በአንዳንዱ ቫይረስ የኤንቨሎፕ ፕሮቲኑ ራሱ ደጋሽ ነው። እሱ ካለ ሌላው ቢቀርም ድግሱ አይቀርም። በሌላው ደግሞ ተጋባዥ ነው። ድንኳኑ ተተክሎ ቦታ ሲሰጠው ገብቶ ይቀመጣል። ለፈተናም ለሥራም የሚጠቅመው ይህንን መለየት ነው።

ይህ መመሪያ ኤንቨሎፕ ያለው ማንኛውም ቫይረስ ሲሰጣችሁ ደጋሹን ከተጋባዡ ለይታችሁ በአንድ ወረቀት ላይ እንድታሰፍሩ የተጻፈ ነው። የሕክምና፣ የላብራቶሪ፣ የእንስሳት ሕክምና፣ የባዮሎጂ ተማሪ ሁሉ ይጠቀምበታል። ለምን በወረቀት? እኛ የምንማርበት የብርሃን ማይክሮስኮፕ ይህን ጉዳይ አያሳይም። ለይቶ የሚያሳየው እስከ 200 ናኖሜትር ገደማ ነው። የኤችአይቪ ቅንጣት ከ100 ናኖሜትር ብዙም አይበልጥም፤ የደንጊ ደግሞ 50 አካባቢ ነው። ስለዚህ እርሳስ ይዘን እንቀመጥ። መብራት ቢጠፋም ይሠራል።

የሚያስፈልገው

ሁለት ኤፎር ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ሦስት ቀለም እስክሪብቶ። ግቢ በር ላይ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሁሉንም ታገኛላችሁ። ሰማያዊው ለሜምብሬን ነው። ቀዩ ለኤንቨሎፕ ፕሮቲን ይሁን። ጥቁሩ ደግሞ ለውስጠኛው ዕቃ፦ ለጂኖም (የዘር መረጃው)፣ ለካፕሲድ (ጂኖሙን የያዘው የፕሮቲን ዛጎል) እና ለማትሪክስ (ከሜምብሬኑ ሥር የተነጠፈው ፕሮቲን)። ቀለሞቹን አትቀያይሩ። አንዴ ቀይ ያላችሁት እስከ መጨረሻው ቀይ ይሁን፤ አለበለዚያ ደረጃ 5 ላይ ትምታታላችሁ።

ብቻችሁን ባትሠሩት ይመረጣል። ሁለት ሁኑና አንዱ ሲስል ሌላው ይጠይቅ። ሎውንጅ ውስጥ ማኪያቶ ይዛችሁ ብትሠሩት ጥሩ ነው። ላይብረሪ ግን አይሆንም፤ ክርክሩ ሲጋጋል ያስወጧችኋል።

ደረጃ 1፦ ኤንቨሎፕ መኖሩን አረጋግጡ

ይህ ቶሎ ያልቃል። ኤንቨሎፕ ማለት ቫይረሱ ከሴሉ ሜምብሬን ቆርሶ የወሰደው የስብ ሽፋን ነው። ኤችአይቪ፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኮሮና፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ቢጫ ወባ፣ ደንጊ፣ ቺኩንጉንያ፣ ኩፍኝ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ ኢቦላ ሁሉም አላቸው። ፖሊዮ፣ ሮታ፣ አዴኖ እና የከብቶቹ የአፍና እግር በሽታ ቫይረስ የላቸውም። የሌለው ከደረሳችሁ ይህን መመሪያ አጥፋችሁ ሌላ ክፈቱ።

ሳሙናና አልኮል ኤንቨሎፕ ያላቸውን የሚገድለው ይህን ስብ ስለሚበታትን ነው። ስቡ ሲበተን ቀዩም አብሮ ይበተናል። የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ደግሞ የከብት ደስታን ቫይረስ አትርሱ። ያኔ በክፉ ቀን ዘመን የአገሩን ከብት የጨረሰው እሱ ነው። የኩፍኝ ዘመድ ነበር፣ ኤንቨሎፕም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

ደረጃ 2፦ ሴሉን ሳሉና የሚወጣበትን ቦታ ምልክት አድርጉ

ወረቀቱን አግድም አዙሩት። በሰማያዊ አንድ ትልቅ ሴል ሳሉ። ውስጡ ኒውክለስ፣ ኒውክለሱን ተጠግቶ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (የሜምብሬን ፕሮቲኖች የሚሠሩበት የሴሉ ክፍል፤ ከዚህ በኋላ ኢአር እንበለው)፣ ቀጥሎ ጎልጂ፣ ዳር ላይ የሴሉ ሜምብሬን ይኑር። በኢአርና በጎልጂ መካከል አንዲት ትንሽ መሸጋገሪያ ክፍል ጨምሩ፤ ለኮሮና ታስፈልገናለች።

አሁን በኮከብ ምልክት ቫይረሱ የሚያቆጠቁጥበትን ቦታ አስቀምጡ። ኤችአይቪ፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ቺኩንጉንያ፣ ኩፍኝ፣ ኢቦላ ከሴሉ ዳር ሜምብሬን ላይ ነው የሚወጡት። ደንጊና ቢጫ ወባ ወደ ኢአር ውስጥ ያቆጠቁጣሉ። ኮሮና ወደዚያች መሸጋገሪያ ክፍል ውስጥ ያቆጠቁጣል። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ቫይረስ ጎልጂ ላይ ነው።

ኮከቡ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ብዙ ጊዜ የኤንቨሎፕ ፕሮቲኑ ነው። ፕሮቲኑ ጎልጂ ላይ እንዲቆም የሚያዝ ምልክት ካለው ቫይረሱም እዚያ ይገጣጠማል። ስለዚህ ቦታውን ስታስቀምጡ ከጎኑ «ለምን እዚህ?» ብላችሁ ጻፉ። መልሱን ደረጃ 4 ላይ ትሞሉታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ፕሮቲኑን ከልደቱ ጀምሮ ተከተሉ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ተማሪ የሚጠፋው እዚህ ነው።

ቀዩን እስክሪብቶ አንሱ። የኤንቨሎፕ ፕሮቲን ኢአር ላይ በተለጠፈ ራይቦዞም ይሠራል። መጀመሪያ የሚወጣው የፕሮቲኑ ጫፍ «ወደ ኢአር አስገቡኝ» የሚል ምልክት አለው። ሰንሰለቱ እየተሠራ ወደ ኢአር ጓዳ ይገባል። ውሃ የሚጠላው ክፍሉ ሲደርስ ግን መግባቱ ይቆማል፤ ያ ክፍል ሜምብሬኑ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ጫፍ በሳይቶፕላዝም በኩል ተንጠልጥሎ ይቀራል። አብዛኞቹ ስፓይኮች እንዲህ ናቸው።

ጓዳ ውስጥ የገባው ክፍል ሦስት ነገር ይደረግበታል። አንደኛ፣ የስኳር ሰንሰለት ይለጠፍበታል። ሁለተኛ፣ እንደ ካልኔክሲን ባሉ ረዳት ፕሮቲኖች እየታገዘ ይታጠፋል፤ የሰልፈር ድልድዮቹም ይታሰራሉ። ሦስተኛ፣ ከመሰሎቹ ጋር ይገጣጠማል። የኢንፍሉዌንዛው ሄማግሉቲኒንና የኤችአይቪው ኤንቭ ሦስት ሦስት ይሆናሉ፤ የኢንፍሉዌንዛው ኒውራሚኒዴዝ አራት አራት። በደንብ ያልታጠፈ አያልፍም፤ ኢአር ይዞ ያስቀረዋል፣ በኋላም ይፈርሳል። ኢአር በዚህ በኩል ቀልድ አያውቅም።

ያለፈው ወደ ጎልጂ ይሄዳል። እዚያ ስኳሩ ይስተካከላል። ብዙዎቹም ፉሪን በሚባል የሴሉ መቁረጫ ኢንዛይም ይቆረጣሉ። የኤችአይቪው ኤንቭ ሳይቆረጥ ጂፒ160 ይባላል፤ ተቆርጦ ጂፒ120 እና ጂፒ41 ይሆናል። ሁለቱ ሳይለያዩ ተያይዘው ይሄዳሉ። ካልተቆረጠ ቅንጣቱ ሊወጣ ይችላል፤ ነገር ግን አዲስ ሴል ውስጥ መግባት አይችልም። «መገጣጠም» እና «ተላላፊ መሆን» ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ከአሁኑ ልብ በሉ።

አሁን የዚህ መመሪያ ዋና ብልሃት ወደሚሆነው ደንብ እንምጣ። ወደ ኢአር ጓዳ የዞረው ጎን መጨረሻ ላይ የቫይረሱ ውጭ ይሆናል። ወደ ሳይቶፕላዝም የዞረው ጎን የቫይረሱ ውስጥ ይሆናል። በዓይናችሁ እንድታዩት ሦስት ትንንሽ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሳሉ። በመጀመሪያው ኢአር ላይ ቀዩ ራስ ወደ ጓዳ፣ ቀዩ ጅራት ወደ ሳይቶፕላዝም ይሁን። በሁለተኛው ከረጢት ሳሉ፤ ራሱ ከከረጢቱ ውስጥ ነው፣ ጅራቱ ከውጭ። በሦስተኛው ከረጢቱ ከሴሉ ዳር ሜምብሬን ጋር ሲቀላቀል አሳዩ። ከረጢቱ ሲከፈት ውስጥ የነበረው ራስ ወደ ሴሉ ውጭ ዞሮ ታገኙታላችሁ። ጅራቱ አሁንም ሳይቶፕላዝም ውስጥ ነው።

በዚህ ሥዕል ላይ ስንት ተማሪ አንገቱን ሲያዞር አይቻለሁ። ወረቀቱን አዙሮ የሚያይም አለ። አይጠቅምም፤ ጣታችሁን ጅራቱ ላይ አድርጋችሁ ከኢአር እስከ ዳር ድረስ ጎትቱት። ጣታችሁ ሰማያዊውን መስመር አንዴም ካላቋረጠ ሥዕሉ ልክ ነው። ካቋረጠ የሆነ ቦታ ፕሮቲኑን ገልብጣችሁታል።

ደረጃ 4፦ ጅራቱን ያዙ

አሁን ሁለተኛውን ወረቀት አውጡና ፕሮቲኑን ብቻውን አተልቃችሁ ሳሉት። ሦስት ክፍል አለው። ውጭ ያለው ትልቁ ራስ ሴል የሚይዘውና የሚያስገባው ነው፤ ፀረ-እንግዳ አካላትም የሚያውቁት እሱን ነው። መካከለኛው ሜምብሬን ውስጥ የተሰካው ነው። ሦስተኛው ወደ ውስጥ የተንጠለጠለው ጅራት ነው።

መጽሐፉም ስላይዱም የፕሮቲኑን ራስ አሳምሮ ይስላል፤ ጅራቱን በአንዲት ጭረት ያልፈዋል። ለመገጣጠም ግን ጅራቱ ይበልጣል። ምክንያቱም ከቫይረሱ ውስጠኛ ዕቃ ጋር መነጋገር የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ራሱ ውጭ ሆኖ በምን በኩል ይነጋገራል? ስለዚህ በእያንዳንዱ ጅራት አጠገብ ሁለት ነገር ጻፉ፦ የት እንዲቆም ነው የሚያዘው? ከማን ጋር ነው የሚያያዘው?

የኤችአይቪን ኤንቭ ውሰዱ። የጂፒ41 ጅራት ረጅም ነው፤ ወደ 150 አሚኖ አሲድ ይደርሳል። ኤንቭን ከሴሉ ዳር መልሶ ወደ ውስጥ የሚጎትት ምልክት አለበት። በዚህ ምክንያት ኤንቭ ዳር ላይ ብዙ አይቆይም፤ ለበሽታ መከላከያ ሥርዓታችን ብዙም አይታይም። ቫይረሱ ላይም ጥቂት ነው የሚገኘው። በአንድ ቅንጣት ላይ በአማካይ ከአሥር ብዙም አይርቅም። ኢንፍሉዌንዛ ግን ጥቂት መቶ ስፓይኮች አሉት። ሁለቱን ቅንጣቶች ጎን ለጎን ስትስሉ ኤችአይቪን ራሰ በራ አስመስላችሁ ሳሉት፤ እውነትም እንደዚያ ነው።

ቺኩንጉንያ ኢ1 እና ኢ2 የሚባሉ የኤንቨሎፕ ፕሮቲኖች አሉት። የኢ2 ጅራት ደግሞ ካፕሲዱ ላይ ባለች ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይያያዛል። አንድ ለአንድ ነው። 240 ካፕሲድ፣ 240 ኢ2፣ 240 ኢ1። ስፓይኮቹ ሦስት ሦስት ሆነው 80 ይሆናሉ። በዚህ ቫይረስ ጅራቱ ከተበላሸ መውጣቱም ይበላሻል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋን ያስጨነቀው ቫይረስ ይህ ነው፤ አሠራሩ ግን የሰዓት ያህል የተስተካከለ ነው።

ደረጃ 5፦ ሁለቱን ጥያቄዎች ጠይቁ

አሁን ደጋሹን እንፈልግ። ተመራማሪዎች ይህን የሚያደርጉት በቀላል መንገድ ነው። የቫይረሱን ጂኖች አንድ በአንድ ወይም ሁለት ሁለት እያደረጉ ሴል ውስጥ ያስገባሉ። ከዚያ ሴሉ ያደገበትን ፈሳሽ ሰብስበው ቅንጣት መኖሩን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያያሉ። እናንተም በወረቀቱ ግርጌ ሁለት ጥያቄ ጻፉ፦

ሀ. ይህ ፕሮቲን ያለ ካፕሲድና ያለ ጂኖም ቢቀመጥ ቅንጣት ይወጣል?
ለ. ይህ ፕሮቲን ብቻ ቢጎድል ቅንጣት ይወጣል?

«ሀ» አዎ ከሆነ ፕሮቲኑ ደጋሽ ነው። «ለ» አዎ ከሆነ ተጋባዥ ነው። ለሁለቱም አይደለም ከሆነ ድግሱ የጋራ ነው። አሁን በቫይረሶቹ ላይ እንሞክረው።

ሄፓታይተስ ቢ። ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ሦስት የኤንቨሎፕ ፕሮቲን አለው፦ ትንሹ፣ መካከለኛውና ትልቁ። ትንሹ ብቻውን ኢአር ሜምብሬን ላይ ተሰብስቦ ቅንጣት ያወጣል። ካፕሲድ የለ፣ ጂኖም የለ። 22 ናኖሜትር የሚሆን ባዶ ኳስ ነው። ሙሉው ቫይረስ ግን 42 ናኖሜትር ነው። በታመመ ሰው ደም ውስጥ ባዶዎቹ ከሙሉዎቹ ቢያንስ በሺህ እጥፍ ይበልጣሉ።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየጤና ጣቢያው ያለችውን የሄፓታይተስ ቢ ስትሪፕ አስቡ። ሴረም ጠብ ይደረጋል። ፈሳሹ በነጩ ወረቀት ላይ ቀስ ብሎ ይወጣል። መጀመሪያ አካባቢው ሮዝ ይሆናል፤ ከዚያ እየጠራ ይሄዳል። ከ15 ደቂቃ በኋላ አንድ መስመር ከሆነ ነጌቲቭ ነው፤ ሁለት ከሆነ ፖዘቲቭ። ያቺን ሁለተኛ መስመር በአብዛኛው የሚያቀላው ሙሉው ቫይረስ እንዳይመስላችሁ። እነዚያ ባዶ ኳሶች ናቸው። ምርመራው በቀላል ስትሪፕ የሚሠራው የኤንቨሎፕ ፕሮቲኑ ደጋሽ ስለሆነ፣ ደግሶም ስለማይጠግብ ነው።

ክትባቱም ከዚሁ የመጣ ነው። ባሩክ ብሉምበርግ ይህን ፕሮቲን በደም ውስጥ በማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ1976 ኖቤል ተሸለመ። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ የትንሹ ፕሮቲን ጂን እርሾ ውስጥ ገብቶ የተሠራው ክትባት ፈቃድ አገኘ። በክትባቱ ውስጥ ያለው ያው ባዶ ኳስ ነው። በእኛም አገር ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሕፃናት በፔንታቫለንት (አምስት በአንድ በሆነው ክትባት) ውስጥ ይወስዱታል።

ግን አንድ ነገር ይቀራል። ባዶ ኳስ በሽታ አያስይዝም። ካፕሲዱን ይዞ ለመውጣት ትልቁ ፕሮቲን የግድ ነው። የእሱ የፊት ክፍል ወደ ውስጥ ሲዞር ካፕሲዱን ይይዛል፣ ወደ ውጭ ሲዞር የጉበት ሴል ላይ ይጣበቃል። ቅድም «ጣታችሁ መስመሩን አያቋርጥ» ያልኩትን ደንብ የሚጥስ ነው። አንዱ ፕሮቲን ሁለት ዓይነት አቀማመጥ አለው። ደንቡን ሳታውቁ ግን ከደንቡ የሚያፈነግጠውን ማወቅ አይጠቅማችሁም፤ ለዚህ ነው እስካሁን የደበቅኩት።

ቢጫ ወባና ደንጊ። እነዚህም ደጋሾች ናቸው። ፕሪ-ኤም እና ኢ የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች አብረው ከሆኑ ካፕሲድ ሳይኖር ቅንጣት ወደ ኢአር ውስጥ ያቆጠቁጣሉ። ይህን ጠባያቸውን ክትባት ሠሪዎች ተጠቅመውበታል። ዴንግቫክሲያ የተባለው የደንጊ ክትባት ውስጡ እ.ኤ.አ. በ1937 የተሠራው የ17ዲ የቢጫ ወባ ክትባት ቫይረስ ነው፤ የውጭ ልብሱ ግን የደንጊ ፕሪ-ኤም እና ኢ ነው። የደንጊው ልብስ የባዕድ ሆድ ይዞ በሰላም ተገጣጥሟል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በዚሁ በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ፣ በኦሞ ተፋሰስ፣ ብዙ ሕዝብ የፈጀው ቢጫ ወባ ስለሆነ እዚህ አካባቢ ለምንማር ሰዎች ይህ ቫይረስ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ኮሮና። እዚህ ነው «ስፓይክ» እና «ኤንቨሎፕ ፕሮቲን» የሚለያዩት። ኮሮና ሦስት የኤንቨሎፕ ፕሮቲን አለው፦ ኤስ፣ ኤም እና ኢ። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ኤስን ነው፤ ፖስተር ላይ የሚሳለው እሱ ነውና። ደጋሹ ግን ኤም ነው። ሜምብሬኑን ሦስት ጊዜ ያቋርጣል፣ ቁጥሩም ከሁሉም ይበልጣል። ከራሱ ጋር፣ ከኤስ ጋር፣ ጂኖሙን ከጠቀለለው ኤን ፕሮቲን ጋር ይያያዛል። በብዙ ኮሮናዎች ኤም እና ኢ ብቻ ሴል ውስጥ ሲገቡ ቅንጣት ይወጣል፤ በሳርስ-ኮቪ-2 ኤን ሲጨመር ምርቱ ይሻሻላል። ኤስ ባይኖርም ይወጣል፤ አይዛመትም እንጂ። ስለዚህ በወረቀታችሁ ላይ ለኤም «ሀ» አዎ፣ ለኤስ «ለ» አዎ ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱም ቀይ ቀለም ናቸው፤ አንዱ ደጋሽ፣ አንዱ ተጋባዥ።

ኤችአይቪ። እዚህ ቀዩ ሙሉ በሙሉ ተጋባዥ ነው። ደጋሹ ጥቁሩ ነው፤ ጋግ ይባላል። ጋግ ብቻውን ሴል ውስጥ ቢገባ ዳር ሜምብሬን ላይ ተደርድሮ፣ ሜምብሬኑን አጉብጦ ቅንጣት ሆኖ ይወጣል። ጫፉ ላይ ያለችው የስብ አሲድ ሜምብሬን ውስጥ ትሰካለች። አጠገቧ ያለው ማትሪክስ ክፍል ደግሞ ዳር ሜምብሬን ላይ የሚበዛውን የስብ ዓይነት ይለያል። ኤንቭ የሚመጣው ጅራቱን በማትሪክሱ ክፍተት ውስጥ አስገብቶ ነው። ይህን ከምን አወቁ? ማትሪክሱ ላይ አንዳንድ ለውጥ ሲደረግ ኤንቭ አልገባም ይላል። የኤንቭን ረጅም ጅራት ሲያሳጥሩት ደግሞ መልሶ ይገባል። ጅራቱ ረዝሞ እየተሰናከለ ነበር ማለት ነው።

ኢንፍሉዌንዛ። ይህ አስቸጋሪ ነው፤ ለብቻው ጊዜ ስጡት። ለብዙ ጊዜ ደጋሹ ኤም1 የሚባለው ማትሪክስ ነው ይባል ነበር። በኋላ ግን ሄማግሉቲኒንና ኒውራሚኒዴዝ ያለ ኤም1ም ቅንጣት ማውጣት እንደሚችሉ ታየ። ሁለቱ በኮሌስትሮል የበለጸገ የሜምብሬን ክፍል ላይ ይሰበሰባሉ። ኤም1 ከሥር ጅራታቸውን ይዞ ይደረደራል፤ ስምንቱን የጂኖም ቁራጮችም ያገናኛል። የሁለቱም ጅራት ከተቆረጠ ቅንጣቱ ይወጣል፤ ቅርጹ ግን ይበላሻል፣ ይረዝማል። ፈተና ላይ ከመጣ «የጋራ ድግስ» ብላችሁ ምክንያቱን ዘርዝሩ። አንድ ስም ብቻ የሚጠይቅ ጥያቄ ከመጣ ጥያቄው ነው ስህተቱ።

ደረጃ 6፦ አንገቱን ማን ይቆርጠዋል?

ቅንጣቱ ስላበጠ ብቻ ወጣ ማለት አይደለም። በቀጭን አንገት ከሴሉ ጋር ተያይዞ ቆሟል። አንገቱን የሚበጥስ ያስፈልጋል። በወረቀቱ ላይ አንገቱ አጠገብ የጥያቄ ምልክት አድርጉና ከሦስቱ አንዱን ጻፉ።

የሴሉን መሣሪያ የሚጠራ ቫይረስ አለ። ሴላችን ሜምብሬን የሚቆርጥበት ኢስክርት የሚባል የፕሮቲኖች ስብስብ አለው፤ ሴል ለሁለት ሲከፈልም ይጠቀምበታል። የኤችአይቪ ጋግ መጨረሻ ላይ ያሉ አጫጭር ምልክቶች ይጠሩታል። ኢቦላም በቪፒ40 ፕሮቲኑ እንዲሁ ያደርጋል። እነዚህ ምልክቶች ሲበላሹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚታየው ነገር ያሳዝናል፤ ቅንጣቶቹ ተሠርተው አልቀው በአንገታቸው ሴሉ ላይ ተንጠልጥለው ቀርተዋል።

የራሱን መቁረጫ የያዘ ቫይረስም አለ። ኢንፍሉዌንዛ ኤም2 የሚባል ትንሽ የኤንቨሎፕ ፕሮቲን አለው። አንገቱ ላይ ተሰብስቦ ሜምብሬኑን ያጎብጥና ይበጥሰዋል። ኢስክርት አያስፈልገውም። ይህን በቀይ ጻፉት፤ ቀዩ ከመገጣጠም አልፎ ቆራጭም ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው፣ የስፓይኮቹ መደርደር ራሱ ሜምብሬኑን ጨምቆ የሚዘጋበት ነው። ቺኩንጉንያን እዚህ አስቀምጡት።

ደረጃ 7፦ ከወጣ በኋላ የሚሆነውን ጨምሩ

ከሴሉ ውጭ አንድ ቀስት ሳሉ። በርካታ ቫይረሶች ሲወጡ ገና ጥሬ ናቸው።

ኤችአይቪ ሲወጣ ጋግ ገና አንድ ወጥ ነው። ፕሮቲዬዝ የሚባለው የቫይረሱ መቁረጫ ኢንዛይም ይቆራርጠዋል፤ ውስጡ እንደ አዲስ ይደራጃል። ፕሮቲዬዝን የሚያግዱ የኤችአይቪ መድኃኒቶች የሚሠሩት እዚህ ላይ ነው። ቅንጣቱ ይወጣል፣ ግን ጥሬ ሆኖ ይቀራል።

ደንጊ ገና ከሴሉ ሳይወጣ፣ መንገድ ላይ ነው የሚበስለው። ጥሬው ቅንጣት 60 ናኖሜትር ገደማ ሆኖ እሾሃማ ነው፤ 60 እሾህ አለው። አሲዳማው የጎልጂ ክፍል ውስጥ ሲደርስ 180ዎቹ ኢ ፕሮቲኖች ተገልብጠው ይተኛሉ። ፉሪን ፕሪ-ኤምን ይቆርጣል። የተቆረጠው ቁራጭ ግን ወዲያው አይወድቅም። ኢ በዚያ አሲድ ውስጥ ያለጊዜው እንዳይሠራ ከድኖት ይቆያል፤ ከሴሉ ውጭ ሲደርስ ይወድቃል። የወጣው ቅንጣት ልሙጥና 50 ናኖሜትር ነው። ሥዕሉን ሁለት ጊዜ ሳሉ፤ አንዱን እሾሃማ፣ አንዱን ልሙጥ።

ኢንፍሉዌንዛ ሌላ ችግር አለበት። ሄማግሉቲኒን ሲያሊክ አሲድ የሚባለውን ስኳር ካየ ይጣበቃል፤ ሴሉ ዳር ደግሞ ሲያሊክ አሲድ ሞልቷል። ቅንጣቱ ከወጣ በኋላ ተመልሶ እዚያው ይለጠፋል። ኒውራሚኒዴዝ ይህን ስኳር ይቆርጥለታል። ኦሴልታሚቪር የሚባለው የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት የሚያግደው ኒውራሚኒዴዝን ነው። ፋርማሲ የምትማሩ ይህን በደማቁ ጻፉ።

ደረጃ 8፦ ወረቀቱን በአዲስ ቫይረስ ፈትኑት

የእብድ ውሻ በሽታን ቫይረስ ውሰዱ። ሰፈር ውስጥ ውሻ በነከሰ ቁጥር ስሙ ይነሳል፤ አገጣጠሙን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ቅርጹ የጥይት ነው። አንድ ስፓይክ አለው፣ ጂ ይባላል። ከሥሩ ኤም የሚባል ማትሪክስ አለው። መልሱን ሳታነቡ ከደረጃ 1 እስከ 7 ሙሉት፤ ጓደኛችሁ ይጠይቃችሁ።

ሞላችሁ? እንግዲህ እናስተያይ። የጂ ፕሮቲኑን የኮከቡ ቦታ፣ ማለትም ሜምብሬኑ ላይ በቀይ፣ ጅራቱን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ መሳል ነበረባችሁ። ጥያቄ «ለ» ላይ መልሱ አዎ ነው፤ ጂ የሌለው ቫይረስ ጥይት የመሰለ ቅንጣት ማውጣቱን አያቆምም፣ መጠኑ ግን 30 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ኤም ሲጎድል ግን ውድቀቱ ወደር የለውም፤ የሚወጣው ተላላፊ ቫይረስ እስከ 500 ሺህ እጥፍ ይቀንሳል። ስለዚህ ደጋሹ ኤም ነው። ጂ ተጋባዥ ነው፤ ሲገኝ ግን ሥራውን በደንብ የሚያፋጥን ተጋባዥ። አንገቱ ጋ ደግሞ ኤም የሴሉን መሣሪያ የሚጠራበት ምልክት አለው ብላችሁ ከጻፋችሁ ሙሉ ነጥብ። ጂ የሌለው ቅንጣት ሌላ ሴል ውስጥ መግባት እንደማይችል ከጨመራችሁ ደግሞ ደረጃ 3 ላይ ያልኳችሁን አልረሳችሁም።

ቀጣዩ ኢቦላ ነው። ፍንጭ ልስጣችሁ፦ ቪፒ40 ብቻውን ሴል ውስጥ ሲገባ ክር የመሰሉ ቅንጣቶች ያወጣል። ቀዩንና ጥቁሩን እናንተው ቀቡት።